ዳሎል ለሁለት

የኢትዮጵያ ሙሽራ በጥር የሚዳረው ለምንድን ነው ቢባል ምክንያት የሚያጣ የለም። እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፣ ድንኳን የሚያፈርስ ዝናብ የለም። ሁሉም እውነት ነው፤ ዋናው ግን ተዘንግቷል። ወደ ዳናክል ረባዳ የሄደ ሰው ሳይቀቀል የሚመለሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ጥር ደግሞ ከእነዚህ ወራት መሀል ነው። አባቶቻችን ሠርጉን ጥር ላይ ሲቆርጡ 25ኛ ዓመቱ የት እንደሚከበር ጭምር አስበውበት ነበር ማለት ነው። እኛ ልጆቻቸው ግን ድግሱን ወርሰን ጉዞውን ረሳን።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በጥር 1993 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ የብር ኢዮቤልዩአችን ስለሆነ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የመሄጃ ቦታ ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመ። እህቴ ላንጋኖ አለች፤ ምክንያቷም «ቅርብ ነው፣ እኛም እንመጣለን» የሚል ስለነበር ሐሳቡ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ልጆቻችን ዛንዚባር አሉ፤ ለማን ብለው እንዳሉ ግልጽ ነው። ቢሾፍቱም ተነስቶ ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ግን በርደው ውሃ ሞልተዋል። 25 ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የበረደ እሳተ ገሞራ ለማየት ከቤቱ ወጥቶ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት አልታየኝም። ባለቤቴ በበኩሏ ዱባይ ብላለች። ዱባይን በቦታው እመለስበታለሁ።

እኔ በዳናክል ረባዳ ያለውን ዳሎል አልኩ። ግሩፑ ውስጥ የሚስቅ ቢጫ ፊት ተደረደረ። የሚስቅ ፊት መልስ ሊሆን አይችልምና ማስረጃዬን በወጉ አቀርባለሁ።

በሙቀቱ ልጀምር፣ ሁሉም የሚጀምረው ከእሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል የማዕድን ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች የመዘገቡት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ የእኩለ ቀን ሙቀት እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱ፣ ንጋቱ፣ «ቀዝቀዝ ይላል» የሚባለው ወር ሳይቀር ተደምሮና ተካፍሎ የተገኘ ነው። ሰው ኖሮባቸው ከሚታወቁ ቦታዎች ዓመታዊ አማካዩ ከዚህ የበለጠ አልተመዘገበም። ሐዋሳ ሄዳችሁ ጠዋት ሹራብ፣ ቀን ጃንጥላ፣ ማታ ነጠላ ትሸከማላችሁ። ዳሎል ቃሉን አያጥፍም። ከቀጠሮው ዝንፍ የማይል ነገር ለ25 ዓመት ስትመኝ ለኖረች ሴት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ካለ ይነገረኝ።

ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ የብርድ ልብስ ጉዳይም አለ። በየትኛውም የ25 ዓመት ትዳር ውስጥ እንደሚሆነው፣ በእኛም ቤት አንዱ ወገን ሌሊት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሲወስድ ሌላው ጠርዙን ይዞ ያድራል። ጠቅልሎ የሚወስደው ማን እንደሆነ አሁን ማንሳቱ ለበዓሉ መንፈስ አይበጅም። ሽማግሌ አይቶታል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ይገዛ ተብሎም ተገዝቷል። ያው ወገን ሁለቱንም ጠቀለለ። ዳሎል ጉዳዩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። እዚያ ብርድ ልብስ የሚፈልግ የለም፤ እንዲያውም «ያንተ ነው ውሰደው»፣ «ኧረ ያንቺ ነው» እየተባባሉ መገባበዝ ይቻላል። ለጋስነት ወደ ቤታችን የሚመለስበት ሌላ መንገድ አይታየኝም።

የሙቀቱ መዝጋቢዎች እ.ኤ.አ. ከ1966 በኋላ ለምን መመዝገብ አቆሙ የሚል ይኖራል። ስለሄዱ ነው። ከእነሱ በፊት ጣልያኖችም መጥተው ነበር፤ ፖታሹን ለማውጣት ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1918 እስከ ዳሎል አቅራቢያ ሐዲድ ዘረጉ። እነሱም ሄደዋል። ዛሬ በቦታው የቀረው ከጨው ጥርብ የተሠራ የፈራረሰ የቤት ግድግዳና የዛገ ብረት ነው። ይህንን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ከጎን ክፍል የሠርግ ዘፈን የማይሰማበት፣ «እስከ አራት ሰዓት ክፍሉን ልቀቁ» የሚል ስልክ የማይደወልበት ሌላ ማረፊያ የት አለ?

ስለ ዲኮር ደግሞ። ለሠርጋችን ቀን አዳራሹን በምን ቀለም እናስውብ በሚል ሁለቱ ቤተሰቦች ተኮራርፈው እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ዳሎል ያለ ማንም ክፍያ ራሱን በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በዝገት ቀይና በነጭ አስውቦ ይጠብቃል። ከታች የሚገፋው ሙቀት ጨውና ድኝ የተሸከመ ውሃ ያፈልቃል፤ ውሃው ሲተን ቀለሙ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1926 በእንፋሎት ግፊት ፈንድቶ ራሱ ለራሱ ጉድጓድ ቆፍሯል። ኩሬዎቹ ውብ ናቸው፤ እጅ አይነከርባቸውም። የአንዳንዶቹ አሲድነት በፒኤች ሲለካ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ካለ ልዩነቱን ሊነግረን ይችላል። የጫማ ሶል እንደሚበላ ይታወቃል። በሌላ በኩል ባለቤቴ ያንን አሮጌ ጫማዬን እንድጥለው መወትወት ከጀመረች ቆይታለች፤ ዳሎል በዚህ ረገድ ከእሷ ጋር ይስማማል።

ገበያም አለ። የዱባይ ደጋፊዎች የሚያነሱት አንድ ነገር ቢኖር ገበያ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። ከዳሎል ሥር የተዘረጋው የአሳሌ ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚሸጠውም ጨው ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ቀለም። ከዓመታት በፊት ለሥራ ሄጄ ሲሠራ አይቻለሁ። ጥቂት ወጣቶች ረጃጅም እንጨት በተሰነጠቀው የጨው ንጣፍ ሥር ይሰካሉ፤ በአንድ ድምፅ እየተቀባበሉ ይጫኑታል፤ ንጣፉ «ቀው» ብሎ ይነሳል። ቀጥሎ ጠራቢው ይመጣል። ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አጭር እጀታ ባላት መጥረቢያ ጠርዙን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ያዞረዋል፣ ደግሞ ቀጭ ቀጭ። ሜትር የለውም፣ መስመር አያሰምርም። የጠረበውን ካለፈው አጠገብ ሲያስቀምጠው ቁመቱ ቁመት፣ ወርዱ ወርድ ይሆናል። አጠገቤ የነበረው ሹፌር «ይሄ ሰውዬ ቤቴን ቢሠራልኝ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ አሞሌው በገመድ ታስሮ በተንበረከከው ግመል ጎንና ጎን ይጫናል፤ ግመሉ እያጉረመረመ ይነሳል፣ ወደ በራህሌ መንገድ ይጀምራል።

ይህ አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዙ የሀገራችን ገበያ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ ዳሎል ላይ ዕቃ አይደለም የምትገዛው፤ የምትቆመው ባንኩ ላይ ነው። ይህን የሚያቀርብ የገበያ አዳራሽ በዱባይ እንዳለ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ። ዳሎል ባለበት በአፋር ምድር ሥር ሦስት የመሬት ቅርፊት ክፍሎች ይገናኛሉ፤ ወይም እየተለያዩ ነው። አፍሪካ ለሁለት ተከፍላ የኑብያና የሶማሊያ ክፍል ተብላለች፤ ሦስተኛው የዐረቢያ ክፍል ነው። ሦስቱ በፍቺ ሂደት ላይ ናቸው። ጉዳዩ በቤተሰብ ችሎት አልተያዘም፣ ጠበቃ አልቆመለትም፣ ንብረት ክፍፍል ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ የለም። ፍጥነቱ በዓመት ቢበዛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ እኛ በትዳር በቆየንበት 25 ዓመት ውስጥ የተራራቁት ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። በሶፋችን ላይ ዜና በምናይበት ሰዓት በእኔና በባለቤቴ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ ነበር። ቁጥሩን እዚህ ማስፈሩ አስፈላጊ አይደለም፤ አህጉሮቹ እርስ በርስ የበለጠ እንደሚቀራረቡ ማወቁ ይበቃል።

አልፎ አልፎ ፍጥነቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዚያው በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት ላይ ላዩን የወጣው ቅልጥ ዓለት ኢምንት ነው፤ ሥራው ሁሉ የተሠራው ከሥር ነበር። ይህንን አረፍተ ነገር ሳነብ ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አብራኝ እያነበበች ነበር። አስተያየት አልሰጠችም።

በዚህ ላይ የኃይሊ ጉቢ ጉዳይ አለ። ኃይሊ ጉቢ ከኤርታ አሌ ብዙም ሳይርቅ ያለ ተራራ ነው። ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ መፈንዳቱ አይታወቅም ነበር። ጎረቤቱ ኤርታ አሌ ቤተኛ የሚሆነው ሁልጊዜ ስለሚያጨስ ነው፤ የላቫ ሐይቁ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ይጎድላል፣ ሰው ግን ጠባዩን ያውቀዋል። ኃይሊ ጉቢን ግን ዝምተኛ ነው ብለው ትተውት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ተናገረ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደረሰ፣ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ዝምታን እንደ ስምምነት ለሚቆጥሩ ባሎች ከዚህ የበለጠ የጉብኝት ቦታ ማን ሊያዘጋጅላቸው ይችላል? አንዳንድ የጥንዶች አማካሪ ለአንድ ሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ያውቃል።

የተቃውሞ ሐሳቦችን ደግሞ በአግባቡ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ጸጥታ ነው፤ ወደ ስፍራው ያለ ታጣቂ አጃቢ አይኬድም። ይህ እንደ ችግር መቅረቡ ያስገርመኛል። ለሠርጋችን ያጀቡን ሚዜዎች ኬኩ ሲቆረስ ጠፍተው ነበር። ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው፤ ልጄ የደም ግፊቴን አነሳች። የደም ግፊቴ መነሻ የዛንዚባር ትኬት ዋጋ እንደሆነ ነግሬያታለሁ።

ሦስተኛው የመጣው ከአማቴ ነው፤ እሱ ከበድ ይላል። ስልክ ደውለው «አንተ ልጅ፣ ጠበል ውሰዳት ስልህ እሳት ልትወስዳት ነው?» አሉኝ። እሳቸው ግሸን ማርያም እንድንሄድ ነበር ምኞታቸው። «እማማ፣ እዚያም እኮ ፍል ውሃ አለ» ብዬ መለስኩ። ዝም አሉ። ፍል ውሃ መኖሩን እንጂ የሚያፈላው ምን እንደሆነ ስላልጠየቁኝ አልተናገርኩም። በማግስቱ የንስሐ አባታችን ደወሉ። አማቴ ምን እንዳሏቸው ባላውቅም፣ «ልጄ፣ ገሃነምን ለማየት መቸኮል አያስፈልግም» በሚል አጭር ተግሣጽ ጀምረው የጉዞው ወጪ ከዱባይ ያንሳል ወይ በሚል ጥያቄ ጨረሱ። ያንሳል አልኩ። «እንግዲህ ከሆነ…» ብለው ባረኩኝ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ውሳኔዋን ያሳወቀችው ቡና እየቆላች ነው። በሐሳቤ እንደተስማማችና እንደምታከብረው ገለጸች። እኔ ዳሎል እንድሄድ፣ እሷ ደግሞ ከእህቷ ጋር ዱባይ እንድትሄድ፣ በዓሉንም በዚህ መልኩ በጋራ እንድናከብር ወስናለች። ትኬቷን ቆርጣለች። ለየብቻ ሆኖ የጋራ በዓል እንዴት ይሆናል ብለው ግሩፑ ውስጥ የጠየቁ ስለነበሩ የሚከተለውን ማስረዳት ግድ ሆኗል።

ዱባይ የዐረቢያው ክፍል ላይ ናት። እኔ የምሆነው ደግሞ ያ ክፍል ከአፍሪካ በሚላቀቅበት ስፍራ ላይ ነው። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን አንድ ሳምንት ብንቆይ መሬቱ ራሱ በመሃላችን የሚጨምረው ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከዚህ ያነሰ መራራቅ ያሳዩ ጥንዶች ካሉ ስማቸውን ይላኩልን። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ለባለቤቴ ሰጠኋት። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም ስመለስ ሁለት አሞሌ ጨው ይዤ እንድመጣ፣ አንዱ ለእናቷ እንደሆነ፣ ግመል ግን እንዳልገዛ አስጠነቀቀችኝ።