አኖም ትብራ!

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ባኮን አልፎ ሲሬ ሳይደርስ አንዲት ከተማ ያገኛል፤ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ ከቆየ ግን አያገኛትም። አኖ ናት። የጎቡ ሰዮ ወረዳ መቀመጫ ብትሆንም፣ በላንድክሩዘር የሚከንፍ ባለሥልጣን ዓይኑ ሳያርፍባት ያልፋል። ሹም ያላያት ከተማ ደግሞ አለች ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ አኖም እንደ ታላላቅ እህቶቿ ኮሪደር ይሠራላት ዘንድ ይህን ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ።

ድሮ ከተማ የሚታደሰው በአድካሚ መንገድ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ለ44 ከተሞች 380 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ በ2018 ደግሞ 600 ሚሊዮን ጨምሮ የከተሞቹን ቁጥር 117 አደረሰው። ከገንዘቡ ብዙው ለአገር በብድር ገብቶ ለከተማ በስጦታ ይወርድ ነበር፤ እናት ተበድራ ልጇን ስትድር እንደማለት ነው። ያውም ዝም ብሎ አይወርድም ነበር። ሒሳብህን ኦዲተር አይቶታል? ዕቅድህ ጸድቋል? ግዥህ በጨረታ ነው? እየተባለ በየዓመቱ ገምጋሚ ይመጣ ነበር፤ ነጥብ ያነሰው ከተማ ብሩም ያንሰው ነበር። ይህ ሁሉ ተለፍቶ የሚገኘው ምንድን ነበር? ኮብልስቶን፣ የገበያ ሼድ፣ የጎርፍ ቦይ። ቦይ! ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ማንም የማያየው፣ ሪባን ቢቆረጥበት እንኳ ፎቶ ላይ የማያምር ነገር። እርግጥ ያኔም ተስፋ የሚሰጥ ጅምር አልጠፋም። ቦዩን ከቆፈረው ሠራተኛ ይልቅ ስለ ቦዩ ሪፖርት የጻፈው ባለሙያ የሚከበርበት ማዘጋጃ ቤት ነበር።

ደግነቱ ዘመኑ ተለወጠ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ኮሪደር ልማት ፒያሳን አፍርሶ ሲያበቃ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። አሁን ገምጋሚ የለ፣ ነጥብ የለ። ገምጋሚው ከመኪና መስኮት የሚያይ ዓይን ነው፤ መብራቱ በርቷል ወይስ አልበራም? በቃ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጨለምተኛ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የሞተ መሀል ከተማቸውን ለማስነሣት ለባለሱቁ የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ የሱቁን ፊት ሲያድስ ከወጪው የተወሰነውን ይጋሩታል። ኋላቀሮች ናቸው። እኛ ድጋፉን ገልብጠነዋል፤ ባለሱቁ ነው ማዘጋጃ ቤቱን የሚደግፈው። ቀለሙን በራሱ ይገዛል፣ አጥሩን በራሱ ያፈርሳል፣ በራሱ ይሠራል፣ በላዩም ‹የሕዝብ ተሳትፎ› ተብሎ ይቆረጥበታል። ይህን ያህል ለጋስ ነጋዴ ይዞ የዓለም ባንክን ደጅ መጥናት ለምን ያስፈልጋል?

ነቀምቴስ ኮሪደሩ ባይሳካላት እንኳ የምትመካበት አላት። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አላት፤ የወለጋ ሙዚየም አላት፤ በዓለም የቡና ገበያ ‹ለቀምት› ተብሎ የሚጠራ ስም አላት፤ ፍሬው ከጊምቢ በኩል ቢመጣም ስሙ የእሷ ነው። (ከኮሪደሩ መብራት በፊትም በውሰት ማብራት ትችልበት ነበር ማለት ነው።) አኖ ግን ያላት አስፋልቱ ነው። መሀል ከተማዋም፣ ገበያዋም፣ መናኸሪያዋም እሱ ነው። ሌላው ከተማ ኮሪደር እስኪሠራለት ይጠብቃል፤ አኖ ግን ስትቆረቆርም ኮሪደር ነበረች። ችግሩ ሰው አለባት።

አውቶቡስ ሲቆም ልብ ብላችሁ እዩ። ረዳቱ በሩን ሳይከፍት ማንጎ ሻጯ አዴ ሳፋቸውን ተሸክመው መስኮት ሥር ደርሰዋል። ከሌላይቱ ማንደጃ ላይ የተነሣ የበቆሎ እሸት በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይቀርባል። ተሳፋሪው መቶ ብር ይዘረጋል፤ ሾፌሩ ማርሽ ያስገባል፤ አዴዋ መልሱን እየቆጠሩ ከአውቶቡሱ ጎን ይሮጣሉ፤ የመጨረሻዋን አሥር ብር በመስኮት አቀብለው ይመለሳሉ። ሰውየው ከነመልሱ ነቀምቴ ይገባል። ይህ እንግዲህ በሪፖርት ቋንቋ ‹ሕገወጥ የመንገድ ላይ ንግድ› ይባላል። በቦታው የብስክሌት መንገድ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብስክሌቶቹ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣሉ። አዴዎቹ ደግሞ ከአስፋልቱ ርቆ፣ አውቶቡስ በማያልፍበት ቦታ፣ ዘመናዊ ሼድ ይሰጣቸው፤ እዚያ ማንም ሳያጣድፋቸው መልስ ይቆጥራሉ።

ካሳስ የሚል ካለ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ያንብብ። ተነሺው ከመልቀቁ በፊት ካሳው ይከፈለው ይላል፤ የሚለው ግን ስለ ባለይዞታ ነው። ሳፋ ካርታ የለውም። የከሰል ማንደጃም እስከ ዛሬ ሳይት ፕላን አልወጣለትም። ካርታ ላለው ባለሱቅ ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ የፊት ግድግዳውን በገዛ ፈቃዱ የሚያፈርስበት ቀን ይቆረጥለታል።

ከአስፋልቱ ጀርባ ስላለው ሰፈር የሚያነሣ ተሰብሳቢ ቢኖር፣ ሐሳቡን ለሻይ እረፍት ያቆየው። ይህ አገር ዝናብ አያጣም፤ ነቀምቴ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከፍ ተደርጎ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ያንን ሁሉ ውሃ ወደ ጓሮ ሊመልሰው ይችላል፤ ጓሮ ግን ከአስፋልት አይታይም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለሰው ብቻ ነበር፤ ለከተማም እንዲሆን የሚጎድለን ነገር ቢኖር የዘንባባ ችግኝ ነው። ዘንባባ እዚህ አይጸድቅም የሚል የግብርና ባለሙያ ከተነሣ፣ ባኮ ምርምር ማዕከል ቅርብ ስለሆነ እዚያው ሄዶ በቆሎውን ያጥና።

በተለይ አደራ የምለው የኮሪደሩን አግዳሚ ወንበር ነው። ባለፉት ዓመታት የወለጋ መንገደኛ ከትኬት ዋጋ በፊት የሚጠይቀው ‹መንገዱ ሰላም ነው?› ብሎ ነው። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ስንቱ ጭነት እንደቆመ፣ ስንቱ ሰው ለቅሶ ሳይደርስ እንደቀረ እናውቃለን። ኮሪደሩ ይህን ችግር በቀጥታ ይፈታል፤ መንገድ እስኪከፈት የሚጠባበቅ ሕዝብ መቀመጫ ያገኛል፣ ማታም በቀይና በሰማያዊ መብራት ይደምቃል። ጎብኚ በምን መጥቶ ያያል ለሚሉ ደግሞ ድሮን አለ። ከላይ የተነሣ ቪዲዮ ላይ ኬላ አይታይም።

ምረቃው ከሰኔ በፊት ይሁን፤ ዝናቡን ከላይ ጠቅሻለሁ። ጄኔሬተር ይዘጋጅ፤ መብራት ኃይል ምረቃ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ብቻ ይህ ወረቀት እስኪጸድቅ ድረስ ሲሬዎች እንዳይሰሙ። ከሰሙ እነሱም አመልክተው ይቀድሙናል፤ ያን ጊዜ ላንድክሩዘሩ ገና በእኛ በኩል ሲያልፍ ዓይኑ ሲሬን ፍለጋ ላይ ይሆናል፣ እኛም ለአንድ በጀት ዓመት ከነማንጎአችን ሳንነቃቃ ልንቀር ነው።