በኡራኤል ስለሚገኘው ጨዋማ ገንዳና ስለ ሻጩ ጠባይ የተደረገ ጥናት

የአዲስ አበባ ነዋሪ አብዛኛው ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተው ውሃው ተርፎት የሚዋኝበትን ወገን ነው። የጥናቱ ክልል ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በካዛንቺስ በኩል እስከ ሂልተን ይዘልቃል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው የተጠቀሰው ጥናቱን ለማስረዘም አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በውሃ ሰበብ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ የክሎሪን ማሽን አልነበራቸውም፣ ሊሸጥላቸው የመጣም አልተመዘገበም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ሂልተንም ለገንዳው የተጠቀመው ያንኑ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነው። ፍልውሃ ያልደረሰው የዛሬ ባለገንዳ ግን ማሽን ያስገጥማል፣ ጨው ይነሰንሳል፣ ከዚያም ለእንግዶቹ «እኛ ክሎሪን አንጠቀምም» ይላል።

ይህ አባባል በጥናቱ ተፈትሾ ውድቅ ሆኗል። ማሽኑ ጨዋማውን ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው የቲታኒየም ዝርጎች መካከል ያሳልፈዋል፤ ጨው ክሎሪን ይሆናል፤ በውሃው ውስጥ የሚፈጠረውም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። የሰፈሩ ባለሱቅ ይህንኑ ነገር በረኪና ብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ባለገንዳው በጓሮው የበረኪና ፋብሪካ ያቋቋመ ባለሀብት ነው። መብራት ሲጠፋ ፋብሪካው ይቆማል፤ ያን ቀን ሠራተኛዋ ወደ ሱቅ ተልካ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ብታመጣ ገንዳው ልዩነቱን አያውቅም። መጠኑም አያስደነግጥም፤ 40,000 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ በሊትር አንድ ሚሊግራም ክሎሪን ለመጨመር 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ወደ ጨው እንለፍ። አብዛኛው ማሽን በሊትር ከ3 እስከ 4 ግራም ጨው ይፈልጋል። የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ አለው፤ የሰው እንባ 9 ገደማ። ስለዚህ ደረሰኙን ይዞ ገንዳው ዳር የሚያለቅስ ሰው የጨዉን መጠን በመጠኑም ቢሆን ያሻሽላል። 40,000 ሊትር ከ120 እስከ 160 ኪሎ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨው አያልቅም። ክሎሪኑ ጀርሙን ገድሎ ሲጨርስ ተመልሶ ጨው ይሆናል። ፀሐይም በትነት የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው። ጨው የሚቀንሰው ውሃው ራሱ ሲወጣ ነው፤ ማጣሪያው ሲታጠብ፣ ገንዳው ሲያፈስ ወይም የክረምት ዝናብ ሞልቶ ሲያስገነፍለው። ሻጩ ግን በየወሩ አንድ ከረጢት ያዝዛል። አሞሌ ጨው በአገራችን ገንዘብ የነበረው ድሮ ነው ይባላል፤ በአንዳንድ ሱቅ አሁንም ነው።

ሻጩ ሲታይ ትሑትና አዛኝ ነው። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ» ካለ፣ እጁ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እየሄደ ነው። እዚያ ላይ ፀረ-አልጌ አለ፣ ውሃ ማጥሪያ አለ፣ የፎስፌት ማስወገጃ አለ። አልጌ የሚበቅለው ክሎሪን ሲያንስ ነው፤ ክሎሪኑ በቂ ከሆነ ፎስፌቱ ብቻውን የትም አይደርስም። «ልዩ የገንዳ ጨው» የተባለውም አዮዲን ያልገባበት ንጹሕ ጨው ነው፤ ልዩ የሚያደርገው ዋጋው ነው።

ለሻጩ ፍትሕ ይደረግ። ሲያኑሪክ አሲድ ሲያቀርብ እውነቱን ነው፤ ያለ እሱ ፀሐይ ክሎሪኑን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታጠፋዋለች፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ጨረሯ ይበረታል። ከፍታውን ያነሣነው ለዚህ ነበር። ሆኖም እሱም እንደ ጨው ስለማይተን ውሃው ሳይለካ ሁለተኛ ቆርቆሮ መግዛት ምጽዋት ነው።

ትኩረት የሚገባው ግን ማንም የማይሸጠው ጉዳይ ነው። ማሽኑ ሲሠራ የውሃው ፒኤች ቀስ እያለ ይወጣል። 7.5 ላይ ጀርም የሚገድለው የክሎሪኑ ክፍል ግማሽ ገደማ ነው፤ 8 ላይ ሩብ ገደማ ብቻ። ባለገንዳው ያኔ ተጨማሪ ክሎሪን ይገዛል፤ የሚያስፈልገው ፒኤቹን የሚያወርድ ትንሽ አሲድ ነበር።

እነሆ የጥናቱ ዋና ግኝት። ማሽኑ ላይ «ጨው አነሰ» የሚለው መብራት ጨው አንሷል ማለት ላይሆን ይችላል። ዝርጎቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲይዝ ይበራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ውሃው ሲቀዘቅዝም ይበራል፤ ዝርጎቹ ከዓመታት በኋላ ሲያረጁም ይበራል። ጨው መጨመር ሦስቱንም አያድንም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መብራቱ ሲበራ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ዝርጎቹን ፈትተው ከወጥ ቤት በመጣ አቼቶ ይዘፍዝፉ። በካቻቢቴ አይፋቁ፤ የለበሱት ሩቴኒየም ከተላጠ አዲስ ማስገጠም ነው። ቅርፊቱ እምቢ ካለ በብዙ ውሃ የቀጠነ አሲድ ይጠቀሙ፤ ሁልጊዜም አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ። ከዚያ ጨዉን ይለኩ። ሻጩ ዘንድ የሚኬደው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ከያዙ በኋላ ነው።