የተፈጥሮው እንቢ ብሎ

5 ኪሎ ግቢ አጠገብ ካሉት ጀበና ቡናዎች አንዷ ጋ ማስተርስ አይከበርም። ልጁ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስና ሮቦቲክስ ነው የማጠናው» ከማለቱ ባለጀበናዋ ቀና እንኳ ሳትል፦

«የተፈጥሮው እንቢ ብሎህ ነው?»

«ቆይ፣ ቡና የሚያፈላ ሮቦት ሠርቼ ከዚህ ባላስነሳሽ!»

«ይምጣ፤ መጀመሪያ ያንተን ዱቤ ይክፈል።»

ከጎን የተቀመጠው የታክሲ ረዳት አላስቻለውም። «ለመሆኑ ሮቦትህ የታለ?»

«ኮምፒውተር ላይ ነዋ፤ በሲሙሌሽን ነው የምንሠራው።»

«የኔም ኮንዶሚኒየም እዚያው ነው። የ97 ተመዝጋቢ ነኝ።»

ሳቁ ሳይበርድ ደገመው፦ «ደግሞ ቀርፋፋ ከመሆኑ የተነሳ ለገና ያነሳውን እግር ለፋሲካ ነው የሚያሳርፈው አሉ።»

«ቢዘገይም መልስ ይሰጣል። አንተስ?»

ይቺ ገባች። ልጁ እዚህ ላይ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ግን ተሲስ የሚጽፍ ሰው ዝም አይልም። አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ሴኡል ላይ የጎ ጨዋታውን ጌታ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 እንደረታው መተረክ ጀመረ።

«ጠጠሩን በየትኛው እጁ እያነሳ?»

«እጅ የለውም፤ ሰው ነበር የሚያስቀምጥለት።»

«ይኸው! እሱም ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም።»

(ልጁን ላግዘው፦ የሮቦቲክስ አዋቂው ሃንስ ሞራቬክ እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎታል። ማሽንን ዳማ ማጫወት ይቀላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያየውንና የሚንቀሳቀሰውን ያህል ማስቻል ግን መከራ ነው። ስለዚህ ሲኒውን አፍ እስከ አፉ ሞልታ ጠብ ሳታደርግ የምታቀብለው ልጅ ለጊዜው ከሥራዋ አትነሳም። እሷ ፊት ግን አልናገረውም፤ ዋጋ ትጨምራለች።)

ልጁ የመጨረሻ ካርዱን መዘዘ፦ «ሮቦቷን ሶፊያን ታውቂያታለሽ? ሶፍትዌሯ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ያሉ የአይኮግ ላብስ ልጆች እጃቸው አለበት። በ2010 ራሷ መጥታለች። በመንገድ ላይ እንኳ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ጠፍቶባት ነበር።»

«ሻንጣዬ ጠፋ ብላ ባዶ እጇን ነው የገባችው? ይቺማ ሮቦት አይደለችም፣ ዲያስፖራ ናት።»

ልጁ ተነሳ። «ሒሳብ። ሁለት ሲኒ።»

«አራት ነው።»

«ሁለቱ ሲሙሌሽን ነበሩ።»

«ይሁኑ። ብሩን ግን የሚዳሰሰውን አምጣ።»