የ25 ሺህ ብሩ ጆሮ ዳባ ልበስ

አባቶቻችን መስማት የማይፈልጉትን ላለመስማት ያወጡት ዘዴ አምስት ሳንቲም አያስወጣም ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ብቻ ነው። አበዳሪ ደጅ ቆሞ ሲጣራ ጆሮ ዳባ ልበስ፤ እናት «ጣሪያው ያፈሳል» ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ። ባትሪ የለው፣ ቻርጅ የለው። የዘመኑ ዳባ ግን ሁለት ነጭ ፍሬ ሆኖ፣ ሳሙና የምታክል ሳጥን ውስጥ ተኝቶ መጣልን።

አፕል የመጀመሪያውን ኤርፖድ፣ ገመድ አልባውን የጆሮ ማዳመጫ፣ ያስተዋወቀው በፈረንጆቹ 2016 ነው። እኛ ደግሞ በራሳችን 2016፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ብርን ለገበያ ለቀቅነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ አገሩ ላይ 249 ዶላር የተባለው ኤርፖድ «ፕሮ» ወደ 14 ሺህ ብር ይመጣ ነበር። ዶላሩ መቶን ሲሻገር 25 ሺህ አለፈ። ዕቃው ያው፣ ጆሮዬም ያው፤ በመሀል የተቀየረው የኔ ድህነት ነው።

ስለዚህ መገናኛ ወረድኩ።

«ኦርጅናል ነው?» አልኩት ዕቃውን ካርቶን ላይ የደረደረውን ልጅ።

«ኦርጅናል ኮፒ ነው ጋሼ» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ልጁ አልዋሸኝም፤ እውነቱንም አልነገረኝም። 800 ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው የገዛሁት ድምፅ አልነበረም። ከጆሮዬ ወደ ታች የምትንጠለጠለውን ነጭ ዘንግ ነበር። ጆሮዬ ላይ የሰካሁት ለሰው ዓይን ነው።

ለሙዚቃ አላማርርም። ዘፈኑ ዘፈን ይመስላል፤ ክራሩ ከበሮውን ከረገጠው በቀር። ጉዱ የሚታየው ስልክ ሲደወል ነው። ርካሽ ኮፒ መጀመሪያ የሚቆጥበው ማይኩ ላይ ነውና፣ ጎዳና ላይ ሆኜ ለእናቴ ስደውል የአውቶቡሱን ጩኸት በወርቅ ሳህን ያቀርብላታል፤ የኔን ድምፅ ግን ይውጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ ጉድጓድ ገብተህ ነው እንዴ የምታወራው?»

«ኧረ መንገድ ላይ ነኝ እማዬ!»

«ጣሪያውን እኮ ክረምት ሳይገባ...»

«አይሰማኝም እማዬ!»

እውነቱን ለመናገር ይህ አንዱ ጥቅሙ ነበር።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ ለፋሲካ መጣች። የሰካሁትን አይታ ፊቷን ቋጠረች። «ጋሽዬ፣ አንተን በሚያህል ሰው ጆሮ ላይ ይሄ ይሰካል?» ብላ ከሻንጣዋ ኦርጅናሉን፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠውን አወጣችልኝ። በማግስቱ ሰክቼው ከመገናኛ የፒያሳ ሚኒባስ ያዝኩ።

የውጭ ድምፅ ማጥፊያውን ስነካው ሞተሩ ጠፋ። ሚኒባሱ የተበላሸ መስሎኝ ሹፌሩን አየሁት፤ እየነዳ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከውጭ በኩል ያለች ማይክ ጩኸቱን ትሰማለች፤ ማዳመጫው የጩኸቱን ሞገድ ገልብጦ ወደ ጆሮ ይልካል። ያኛው ከፍ ሲል ይሄኛው ዝቅ፣ ያኛው ዝቅ ሲል ይሄኛው ከፍ ይላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ዕዳና ክፍያ ይጣፋሉ። አማር ቦስ የተባለ የኤምአይቲ መምህር ይህን ሐሳብ የያዘው በፈረንጆቹ 1978 ከዙሪክ ወደ አሜሪካ ሲበር ነው። አየር መንገዱ የሰጠውን ማዳመጫ የሞተሩ ጩኸት አላሰማ ቢለው፣ እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌቱን ጀመረ። ለአብራሪዎች የሠራው ማዳመጫ ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው።

መሣሪያው ሲታሰብ የታሰበው አውሮፕላን ነው፤ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ይዤው ገባሁ። ደግሞም አመሉ ሳይቋረጥ የሚያጉረመርመውን ወፍራም ድምፅ መዋጥ ነው። ድንገት የሚፈነዳ የሰው ድምፅ ሲመጣ ግን እጁ ያጥራል። እናም ሞተሩን አጥፍቶልኝ ረዳቱን ተወልኝ። ያ ሁሉ ጉርምርምታ ከሥሩ ሲነሣለት የረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ሂሳብ!» ስቱዲዮ የተቀረጸ ይመስል ጥርት ብሎ መጣ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጎሸም አደረገኝ። «ስንት ገዛኸው?»

«ስጦታ ነው። ኦርጅናል ነው።»

ሳቀ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም አለኝ» ብሎ ከኪሱ መንታዋን አወጣ። «700 ብር። ቁርጥ ራሱ!»

እንደ አዲስ አበባ ኦርጅናል የተዋረደበት አገር ይኖር ይሆን? ኮፒው ከተማውን ሞልቶታልና እውነተኛውን የያዘ ሰው ውሸታም ነው። ስለ ድምፁ ጥራት፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ደረሰኙ ሳይቀር አስረዳሁት። ሰውዬው እንደ ታማሚ አዘነልኝ።

አራት ኪሎ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ተነሣሁ። ኮሌታዬን ላስተካክል እጄን ስሰድ የግራው ፍሬ ተፈናጠረና ወንበር ሥር ገባ። የጮኽኩት ጩኸት እስካሁን ያሳፍረኛል። ሦስት ተሳፋሪዎች አብረውኝ ጎንበስ አሉ። አንዲት እናት ከኋላ «ምን ጠፋው? ወርቅ ነው?» አሉ።

«ፋዘር፣ ስንት የሚያወጣ ነገር ነው?» አለ ረዳቱ።

እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ሆነ። ግማሹ ከ12 ሺህ ብር በላይ ነው ብል፣ ያገኘው ሰው እግሩን ያነሣለታል ወይስ ይጭንበታል? «ኧረ... ተራ ነገር ነው» አልኩ። «ኮፒ ነው።»

«እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ!» አለ ጎረቤቴ ለሕዝቡ።

«ለኮፒ ነው እንዴ ሰው የምታስቆመው?» ብሎ ረዳቱ በትከሻዬ አወረደኝና ጣሪያውን መታ። «ሳበው!»

ጴጥሮስ ሦስቴ ቢክድ ዶሮ ጮኸለት። እኔ አንዴ ብክድ የጮኸልኝ የሚኒባስ ክላክስ ነው። ግራ ጆሮዬ ወደ ፒያሳ ሄደ። እህቴ ነጠላው ፍሬ 89 ዶላር እንደሚሸጥ ስትነግረኝ፣ በዶላር የሚተመን ጆሮ ይዤ መዞር እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዲህ ውዱ ያዋጣል ወይ ለሚለኝ፣ በአንድ ጆሮ የሰማሁትን ልመስክር። አውሮፕላን ለሚያዘወትር፣ ቀኑን ሙሉ በስብሰባ ስልክ ለሚውል፣ ከጄኔሬተር አጠገብ ለሚሠራ ያዋጣል። ለቀረነው ግን ስሌቱ ይከብዳል። ውድም ሆነ ርካሽ፣ ውስጡ ያለችው ከጥፍር የማትበልጥ ሊቲየም ባትሪ ናት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትደክማለች፤ ተፈታታ እንድትቀየርም ሆና አልተሠራችም። በዚህ ዋጋ የተገዛ ጋቢ ለልጅ ይወረሳል።

ሆኖም ወደ «ኦርጅናል ኮፒ» ተመለሱ አልልም። ጥፋቴ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ መስሎኝ መቆየቴ ነበር። በመሀል ሦስተኛ አለ፦ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ። የቴክኖ ዘመድ የሆነው ኦራይሞ አለ፤ ሬድሚ አለ፤ ሳውንድኮር አለ። ርካሽነት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰው ስም ለብሶ መምጣት ነው። የራሱ ስም ያለው ሰው ስሙን ይፈራል፤ ዕቃም እንደዚያው ነው። ስትገዙ ሙዚቃ አትሞክሩበት፤ ሁሉም ይዘፍናል። ሱቁ በር ላይ፣ መኪና እያለፈ፣ ለሰው ደውሉበት። ጎማውም ለጆሯችሁ ልክ ይሁን። ልኩ ያልሆነ ጎማ የውጭውን ጩኸት ያስገባል፤ እናንተም ያንን ለማሸነፍ ድምፅ ትጨምራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ዴሲቤል ገደማ በሳምንት ከ40 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። ኤርፖድ ነጠላው ይሸጣል፤ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።

እኔም 2 ሺህ ብር ከምናምን አውጥቼ ጥቁር፣ ዘንግ የሌላት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ገዛሁ። ስንት ገዛኸው የሚለኝ ጠፋ። የውጭ ድምፅ ማጥፊያ የላትም፤ ማይኳ ግን ደህና ናት። በመጀመሪያው ቀን ከአውቶቡስ ፌርማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«ዛሬስ ጥርት ብለህ ተሰማኸኝ» አለች። «ከጉድጓዱ ወጣህ?»

«ወጣሁ እማዬ።»

«ተመስገን። እንግዲያው የዚህን ጣሪያ ነገር...»

አይሰማኝም እንዳልል እየሰማችኝ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ቆርቆሮውን ከነምስማሩ፣ ቃል በቃል አዳመጥኳት። በ2 ሺህ ብር ዳባ አይገዛም።