አበል የማይጠይቀው እምቦጭ

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የእምቦጭ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ አንድም ቀን ስብሰባ አልጠራም፤ አበልም አልጠየቀም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እኛ በሁለት ሳምንት ቃለ ጉባኤ ካጸደቅን ተመስገን ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖረው የደምቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ የነቀላ ዘመቻው የክብር እንግዳ ደግሞ ከባነሩ ሥር ቆሞ፣ አዲስ ቦቲው ጭቃ ሳይነካው፣ አንዷን እምቦጭ በጓንት ከፍ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። የአረም ማጨጃው ማሽን መለዋወጫ ይጠብቃል። ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረውን፣ የሚያነሳው በጀት እስኪፈቀድ፣ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 20 ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዘመቻ መሐል የረጅም ጊዜ ዕቅድ ያለው እሱ ብቻ ነው።