ውሃ መጣጩ በርሜል

ቦታው አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ያለ ላቫጆ ነው። ጋሽ መኮንን የላቫጆው ባለቤት ናቸው። ቢኒ ኤሌክትሪክም ብየዳም እችላለሁ ባይ ነው፤ እንደምታዩት በከፊል እውነቱን ነው። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ሥር ጀበና ጥደው ይውላሉ፤ ካልጠየቋቸውም ይመልሳሉ።

ጋሽ መኮንን፦ አንተ ልጅ፣ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ያለውን ሰምተሃል። የእጣቢ ውሃ አስፋልት ላይ ከታየ ላቫጆው ይታሸጋል።

ቢኒ፦ ሰምቻለሁ ጋሼ፣ አያስቡ። መሬት ላይ የፈሰሰውን መልሶ የሚመጥጥ ማሽን እሠራለሁ። ውጭ አገር እንዲህ ነው፤ በአንዱ ጎማ ይረጩታል፣ በሌላው ይመጥጡታል።

እትዬ አስካለ፦ ከሚመጥጡት ባይረጩትስ?

ጋሽ መኮንን፦ እትዬ፣ ቡናው እንዳያርርብዎት። ምን ምን ያስፈልግሃል?

ቢኒ፦ በርሜሉን ከምናለሽ ተራ አመጣለሁ፤ ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ ፕላስቲክ። ጎማውም እዚያው ይገኛል። ሞተሩ ነው ችግሩ። እርስዎ ቤት አንድ ቫኪዩም ያየሁ መሰለኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጄ ከዱባይ የላከችው? እሱ እኮ የእናቷ ነው!

ቢኒ፦ ምንጣፍ እኮ የላችሁም ጋሼ።

ጋሽ መኮንን፦ ምንጣፉ እስኪገዛ ነው የተቀመጠው። (ያስባሉ።) እሁድ ጠዋት ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ና።

(ማሽኑ ተሠራ። ክዳኑ ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ በአንዱ ውሃው ይገባል፣ በሌላው ሞተሩ አየር ይስባል። ዙሪያውን አየር እንዳያስገባ የመኪና የውስጥ ጎማ ተቆርጦ ተገጥሞለታል። መሬቱን የሚልሰው አፍ በእሳት ሞቆ የተጠፈጠፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ከንፈሩ ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጠ። እዚህ ላይ ልጁን ማማት አይቻልም፤ ሥራ የለመደ እጅ ነው።)

ቢኒ፦ ሰኩት!

(ሞተሩ ጮኸ። አፉ ኩሬውን እየላሰ ሄደ፤ ውሃው በጎማው ውስጥ እየተንፏቀቀ በርሜሉ ውስጥ ተንደቀደቀ። አጣቢዎቹ አጨበጨቡ። ወዲያው አፉ መሬት የወደቀ የመወልወያ ጨርቅ ጎረሰና ታፈነ። በርሜሉ ጓ አለ፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ።)

እትዬ አስካለ፦ በስመ አብ! ማን ረገጠው?

ቢኒ፦ አየር ነው እትዬ። የውስጡን አየር ስንስበው የውጭው ይጫነዋል። የክዳኑን ስፋት ካሰላነው፣ ይቺ ሞተር ሙሉ ጉልበቷን ስትጠቀም ክዳኑ ላይ ብቻ አራት ኩንታል ጤፍ እንደመከመር ነው። ደግነቱ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ጅቡቲ ብንሆን ከአምስት ኩንታል ያልፍ ነበር።

ጋሽ መኮንን፦ ይህን ከመሰካታችን በፊት ታውቅ ነበር?

ቢኒ፦ አውቅ ነበር። አልተጠየቅሁም። ደግሞ በእኛ አልተጀመረም ጋሼ። ኦቶ ፎን ጌሪከ የሚባል ጀርመናዊም ከመዳብ ኳስ ውስጥ አየር ሲያወጣ ኳሱ ጓ ብሎ ተጨፍልቆበታል። ተስፋ ሳይቆርጥ ጠንካራ አሠርቶ፣ በ1654 እ.ኤ.አ. ሙከራውን ሬገንስቡርግ ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ አሳይቷል። የማግደቡርግ ከንቲባ ነበር።

ጋሽ መኮንን፦ ከንቲባ? በል እንግዲህ፣ በጀት ነበረው።

(ሁለተኛው በርሜል ብረት ነው፤ ውስጡ በፌሮ ተደግፏል። አልተጨፈለቀም። ሞላ።)

ጋሽ መኮንን፦ እሰይ! በስንት ደቂቃ ሞላ?

ቢኒ፦ ፓምፓችን በደቂቃ 10 ሊትር ይረጫል። በ20 ደቂቃ 200 ሊትር።

እትዬ አስካለ፦ ሁለት ኩንታል ማለት ነው። ጀሪካን ተሸክሜ ነው ያደግሁት፣ እኔን አትሸውዱኝም። ማን ሊያነሳው ነው?

ቢኒ፦ ከታች ቧንቧ አለው። (ይከፍታል። ጠብ የሚል ነገር የለም፤ በርሜሉ ውስጥ ግን ቡልቅ ቡልቅ ይላል።)

ጋሽ መኮንን፦ የታለ ውሃው? (ጣታቸውን ቧንቧው አፍ ላይ ያደርጋሉ።) ኧረ ያዘኝ! ያዘኝ!

ቢኒ፦ አይጎትቱት ጋሼ! ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ውሃ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባበት። እያጠፋን እናፈሳለን።

እትዬ አስካለ፦ የት ነው የምታፈሱት?

ጋሽ መኮንን፦ ማታ ነው።

እትዬ አስካለ፦ የት አልኩ እንጂ መቼ መች አልኩ?

ጋሽ መኮንን፦ ከመሸ በኋላ የት የሚባል ነገር የለም።

እትዬ አስካለ፦ ቀበና ነው በሉኛ። ቀበና አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል። መንገድ ላይ ጎመኑና ሰላጣው ይጠጣዋል። ጎመኑን ደግሞ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ በሥጋ ይበሉታል።

ጋሽ መኮንን፦ እኔ ጥብስ ነው የምወደው። ቢኒ፣ አስነሳው!

(አንዲት ሚኒባስ ተራዋ ደረሰ። አጣቢው ሳሙናውን አልሰሰተም። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሳለ፣ በጀርባው አረፋ ተፋ፣ ጭስ አከለበት፣ ዝም አለ።)

ጋሽ መኮንን፦ ውሃ እንዳይገባበት ኳስ አድርጌበታለሁ አላልክም?

ቢኒ፦ ውሃ ሲሞላ ኳሷ ተንሳፍፋ የሞተሩን አፍ ትዘጋለች። አረፋ ግን አያነሳትም፣ አልፏት ይሄዳል። የቤት ቫኪዩም ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚስበው አየር ነው፤ ስለዚህ አረፋው ቀጥታ ሽቦው ላይ ሄደ። ለውሃ ተብለው የተሠሩት ማቀዝቀዣቸው ለብቻ ነው።

ጋሽ መኮንን፦ ይህንንም ታውቅ ነበር?

እትዬ አስካለ፦ አልተጠየቀም።

ጋሽ መኮንን፦ እሺ፣ ለባለቤቴ ምን ልበላት? ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ምንጣፍ አይገባም!

እትዬ አስካለ፦ እኔን ያልገባኝ፣ ግቢው ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ውሃው ማንም ሳይመጥጠው ይወርዳል። ከታች ሁለት ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብታስገነቡስ? በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ የመሃሉ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። መብራት አይበላ፣ ጣት አይዝ። አልፎ አልፎ መዛቅ ብቻ ነው።

ቢኒ፦ (ቀስ ብሎ) እውነታቸውን ነው።

ጋሽ መኮንን፦ አንተ ዝም በል! ጉድጓድ ማን ያያል እትዬ? ሰውዬው ሲመጣ መሬት እያሳየሁ «እዚህ ሥር ነው» ልበለው? ይሄ በርሜል ግን ከመንገድ ይታያል። ቀይ ቀለም ቀቡት።

(ተቆጣጣሪው የመጣ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። በሰፈሩ ያላማረረ ሰው ጋሽ መኮንን ብቻ ናቸው።)

ተቆጣጣሪው፦ (በርሜሉን እየዞረ) ይህ ምንድን ነው?

ጋሽ መኮንን፦ የፍሳሽ መሰብሰቢያ ማሽን ነው። አገር ውስጥ የተሠራ።

ተቆጣጣሪው፦ ይሠራል?

ጋሽ መኮንን፦ መብራት የለም እኮ ልጄ።

ተቆጣጣሪው፦ ለነገሩ ፎርሙም «መሣሪያ አለ» ወይም «የለም» ነው የሚለው። አለ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።

እትዬ አስካለ፦ ልጄ፣ ውሃው የት እንደሚደፋ የሚሞላበት ቦታ የለውም?

ተቆጣጣሪው፦ እሱ የሌላ ክፍል ነው እትዬ። ቡና ደርሷል?

(ወሬው ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ከማታ በፊት ሌላ የላቫጆ ባለቤት ደወለ።)

ጋሽ መኮንን፦ (ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው) ነገ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡበት ነው። ለግማሽ ቀን አከራየኝ ይለኛል።

ቢኒ፦ ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ተቃጥሏል።

ጋሽ መኮንን፦ እሱስ ሊመጥጥበት ነው እንዴ የሚከራየው?

እትዬ አስካለ፦ ነገ መብራት ካለስ?

ጋሽ መኮንን፦ መብራት ካለ ዋጋው ይጨምራል። ቢኒ አብሮ ሄዶ ብሬከሩን ያጠፋል።