በቀይ አፈር ከተማ የመኪናን የፊት መስታወት ከውርጭ ስለ መጠበቅ

በመኪና የፊት መስታወት ላይ ውርጭ እንዲጋገር ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ጥርት ያለ የሌሊት ሰማይ፣ እርጥበት የያዘ አየር እና ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ መስታወት። ቀይ አፈር ከሦስቱ ሁለቱን ማቅረብ ትችላለች። የበጋው ሰማይ ይጠራል፤ በዝናቡ ወራት እርጥበት አይታጣም። የሚጎድለው ሦስተኛው ብቻ ነው። የበና ፀማይ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ከመሬት የራቀው አየር ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከአካባቢው ሳይርቅ ውርጭ የሚፈልግ የቀይ አፈር ሾፌር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መንዳት ይኖርበታል። ለዚህ መንገድ እስካሁን የመሠረት ድንጋይ አልተቀመጠም።

መኪናዎቹ ይህን አያውቁም። ከኮንሶ ተነስቶ፣ ወይጦን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ከተማዋ የሚገባው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ውርጭን ለመመከት ታጥቆ ነው የሚመጣው። ከዳሽቦርዱ ሥር ሞቃት አየር ወደ መስታወቱ የሚነፋ ቀዳዳ አለው። የተጠቃሚው መመሪያ በቀዝቃዛ ወራት ስለ መንዳት አስቦ ይመክራል። ስለ አቧራ ግን የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ይገባል ብሎ ያልፋል። አውሮፓ አገልግሎ የመጣ መኪናማ በበሩ ኪስ ውስጥ የፕላስቲክ የበረዶ መፋቂያ ሳይቀር ይዞ ሊገኝ ይችላል። መፋቂያው በኢትዮጵያ ሥራ ፈት አይደለም፤ ያለፈውን ዓመት ቦሎ ከመስታወት ለመላጥ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም። ሥራው በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም፤ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ከዚህ ያነሰ የሚሠራ አለ።

የዝናብ መጥረጊያውም ቢሆን መነሻው በረዶ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን ኒውዮርክን ሲጎበኙ፣ የከተማው ባቡር ሹፌር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስታወቱን እየሸፈነበት ሲቸገር ተመለከቱ። በ1903 እ.ኤ.አ. ከውስጥ በእጀታ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ በስማቸው አስመዘገቡ። ሴትየዋ ኗሪነታቸው በአላባማ፣ ማለትም በሞቃቱ የአሜሪካ ደቡብ ነበር። የደቡብ ሰው የሰሜኑን ችግር መፍታቱ በታሪክ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም፤ ይኸኛው ተመዝግቧል፤ ገንዘቡ ግን አልተከፈለም። በ1905 አንድ የካናዳ ድርጅት ዕቃው ገበያ የለውም ብሎ መለሰላቸው፤ የባለቤትነት መብቱም ማንም ሳይገዛው በ1920 አለቀ። ያ መጥረጊያ ዛሬ በቀይ አፈር ዝናብ ሲመጣ ዝናብ ይጠርጋል፤ ዝናብ ሳይኖር ደግሞ የፈጣሪዋ ሐሳብ ወዳልደረሰበት ነገር ይገባል።

ነገሩ አቧራ ነው። የአፈሩ ቅላት የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብረቱ በረጅም ዘመን ዝናብና ሙቀት ዝጎ አፈሩን አቅልቶታል። የከተማዋ ስም ይህን ከማንኛውም የአፈር ምርመራ ቀድሞ አስታውቋል። ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚያልፈው አስፋልት ጉዳዩን አቃልሎታል፤ አልጨረሰውም። ከአስፋልቱ የሚወጣ እያንዳንዱ መኪና ወደ ቀይ አቧራ ይገባል፤ ከመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ወጥቶ የሚመለስ አይሱዙም የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። አቧራን በቦታው የማስቀመጥ የተፈተነ ዘዴ በአካባቢው አለ፤ የሐመርና የበና ሴቶች ቀይ አፈርን ከቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውን ይሠሩበታል፤ ቅቤ ያገኘ አፈር ደግሞ አይቦንንም። ዘዴውን በመንገድ ሥራ ላይ ለማዋል ያለው እንቅፋት አንድ ብቻ ነው፤ ከቀይ አፈር እስከ ጂንካ ላለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚበቃ ቅቤ የከተማዋ የሐሙስ ገበያ አያወጣም።

አቧራ ከውርጭ በሁለት ነገር ይለያል። ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፤ አቧራ ፀሐይ ሲወጣ ይመጣል። ውርጭ መስታወት አይፍቅም፤ አቧራ ይፍቃል። በአፈሩ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን የመስታወት ጥንካሬ 5 ተኩል ገደማ ነው፤ በመሆኑም ውሃ ሳይፈስ መጥረጊያውን ማስነሳት መስታወቱን በአሸዋ ወረቀት ከማሸት አይለይም። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ የማያደርገውም የለም። ውጤቱ ሁለት የቀስት ቅርጽ ጭረቶች ናቸው። ጠዋት አይታዩም። ከሰዓት በኋላ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲነዳ፣ ፀሐይ ከፊት ትመጣና ሁለቱ ቀስቶች ይበራሉ፤ ሾፌሩም ከብት ይሁን ሰው ከፊቱ ያለውን በግምት ያልፋል። በዚህ ረገድ በመንገድ ዳር በረጅም እንጨት ላይ ቆመው የሚሄዱት የበና ልጆች ጠቀሜታ አላቸው፤ የመስታወቱ የታችኛው ክፍል ቢሸፈን እንኳ በላይኛው ይታያሉ።

ለአቧራው የተገኘው መፍትሔ ሃይላንድ ነው። የውሃው ጠርሙስ ባዶውን ከተጣለ በኋላ ሁለተኛ ሕይወት ይጀምራል፤ በደቡብ ኦሞ መንገዶች ላይ የቱሪስት መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡ ልጆችም ዋጋውን ከአምራቹ በላይ ያውቃሉ። ከጠርሙሶቹ ከፊሎቹ ወተት ይያዝባቸዋል፤ ከፊሎቹ ማር፣ ከፊሎቹ አረቄ። ለመስታወት የሚመደበው ክዳኑ በጋለ ምስማር የተበሳው ነው። ጠርሙሱ ሲጨመቅ ውሃው ቀጥኖ ይወጣል፤ ፋብሪካው ከኮፈኑ ሥር ያስቀመጠው ውሃ መርጫ ቀዳዳው በአቧራ ከተደፈነ ወዲህ ተተኪው ይኸው ሆኗል። የፊዚክስ መርሑ በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ የፋብሪካው የሚጫነው በጣት፣ ሃይላንዱ በረዳት መሆኑ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ጥብቅ ነው። ሾፌር መስታወት አያጥብም። «አንተ፣ መስታወት!» ይላል፤ ረዳቱ ሃይላንዱን ይዞ ይወርዳል፤ ጊዜ ካጠረም ሳይወርድ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ያፈሳል፤ ይህ አደገኛ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ግን የለም። መወልወያው የአሮጌ ሸሚዝ እጅጌ ነው። ውሃ በጄሪካን በሚሸጥበት ወር የሚታጠበው ስፋት በዋጋው ልክ ይጠባል፤ መጀመሪያ ሙሉው መስታወት፣ ቀጥሎ የሾፌሩ ወገን፣ በመጨረሻ ከመሪው ፊት ለፊት አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ። በጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ የራሱን ወገን ስለማያይ ይጸልያል ወይም ይተኛል።

የቀረውን ቦታ ሾፌሩ ራሱ ያስጌጠዋል። ከላይ ጥቅስ፣ ከግራ የቅዱሳን ሥዕል ወይም «ኢየሱስ ጌታ ነው»፣ ከቀኝ ቦሎ፣ መሐል ላይ ከስፖኪዮው የተንጠለጠለ ዘርፍ፣ ከሥር የላስቲክ አበባ። እነዚህ በመስታወት ላይ መኖራቸው አቧራውን ስለማይቀንስ ይህ ጽሑፍ በጥቅማቸው ላይ አቋም አይወስድም። የኋላው መስታወት ግን ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አቧራው ከበረከተ በኋላ «እባክህ እጠበኝ» የሚል ይጻፍበታል፤ ከሥሩም የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ስም ይከተላል። ባለቤቱ ጽሑፉን አንብቦ መኪናውን ሲያጥብ ይታያል፤ ለጠያቂው ግን መልስ አይጽፍለትም።

ለንጽጽር ያህል፣ እውነተኛው ውርጭ በአገሪቱ አለ። በባሌ ሳነቴ ላይ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ 2800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የባቄላን ማሳ ሳይቀር ይመታል። በእነዚህ ቦታዎች ማታ መስታወቱን በካርቶን መሸፈን ይበጃል፤ ያው ካርቶን በቀይ አፈር ለፀሐይ ይውላል። ጠዋት የፈላ ውሃ መድፋት ግን በየትኛውም ከፍታ አይመከርም፤ የቀዘቀዘ መስታወት ድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሚኒያፖሊስና በኤድመንተን የሚነዱ ኢትዮጵያውያን መፋቂያው ሲጠፋባቸው በባንክ ካርድ ይፍቃሉ፤ በካርዱ የቀረ ሒሳብ ካለ ሥራው በጥንቃቄ ይከናወናል።

በእነዚያ ከተሞች በመስታወት ላይ አልኮል ያለበት ፈሳሽ መርጨትም የተለመደ ነው። ከመቶ 40 እጁ አልኮል የሆነ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይረጋም፤ በስሌቱ ጠንከር ያለ አረቄ ለዚህ ይበቃል ማለት ነው። በጂንካና በአካባቢዋ ይህ ዘዴ አልተሞከረም፤ አረቄው መስታወቱ ዘንድ አይደርስምና። ወደ ሾፌሩ የሄደ እንደሆነ ደግሞ የሚያስከትለው ጭጋግ በጨርቅ አይወለወልም።

የሚወለወለው ጭጋግ የዝናቡ ወራት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጠዋት ጠዋት የተሳፋሪው ትንፋሽ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ይሆናል። መስኮት መክፈት ያስወግደዋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ግን ብርድ ገባ ብለው ያስዘጋሉ። ደረቅ ሳሙና በስሱ ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ ማሸት ይሻላል፤ ሳሙናው ውሃው በጠብታ እንዳይቋጠር ስለሚያደርግ መስታወቱ ያሳያል። ከውጭ በኩል ያለው የወይጦ በረሃ ነፍሳት ቅሪት በዚህ አይለቅም፤ ማርጠብና መጠበቅ ብቻ ነው።

ሐሙስ ለገበያ ወደ ቀይ አፈር የሚሄድ አንባቢ ባዶ ሃይላንዱን በመንገድ ከመጣል ለሚጠይቀው ልጅ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ሲሰጥ ክዳኑን አይርሳ፤ ክዳን የሌለው ሃይላንድ መስታወት አያጥብም።